የኋላው ግንብ ስንጥቅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

አሁንም ቀይ ነው። ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ቀይ ጽሑፍ። ግራፍ የሚስለው ላይብረሪ የሚሉት የኮድ ጥቅል አልተገኘም ይለኛል። አቤል በየቀኑ ሲሠራበት የነበረ ነገር እንዴት አይገኝም?

ወንድሜ አቤል መስከረም 14 ኡራኤል መታጠፊያ ላይ መኪና ገጭቶት ሞተ። ሲቪል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ነበር። የፊታችን እሁድ አርባው ነው። ላፕቶፑን እስከ ዛሬ አልነካሁትም ነበር። ስከፍተው ኮድ የሚጽፍበት የኢንተርኔት ደብተር እንደተወው ቁጭ ብሏል። ከላይ «የኋላው ግንብ ስንጥቅ» ይላል።

ካዛንቺስ ውስጥ የእኛ መደዳ ብዙው ፈርሷል፤ የቀረነው ጥቂት ቤቶች ነን። ከግቢያችን ጀርባ ለፎቅ ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው። ቁፋሮው እንደተጀመረ የኋላው የድንጋይ ግንብ ተሰነጠቀ። አቤል በቀለም ምልክት አድርጎ ከግንቦት 1 ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የስንጥቁን ስፋት ሚሊ ሜትር በሚለካው መሣሪያው፣ በካሊፐር፣ ይለካ ነበር። ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ይሞላል። «እሁድ ግራፉን አሳይሃለሁ» ብሎኝ ነበር። እሁድ ሳይደርስ ሞተ።

ትናንት አጎቴ ጋሽ ተፈራ የእድሩ ድንኳን ከኋላ፣ ግንቡን ተጠግቶ ይተከላል አሉ። ሰፊ ቦታ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ከመቶ በላይ ሰው ይመጣል። ወንበሩ የሚደረደረው ግንቡ ሥር ነው።

ለዚህ ነው የከፈትኩት። እሁድ ሳይደርስ ማየት አለብኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ላይብረሪው ተጫነ። የክፍሌ ልጅ ሰሚር ነው በእረፍት ሰዓት ያሳየኝ። ከእኛ ክፍል ኮድ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

«ደብተሩ ያለው ሩቅ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር ላይ ነው፤ ብዙ ቀን ዝም ስትለው የጫንክበትን ይረሳል» አለኝ። «በቃ፣ እንደገና ጫንለት።»

ቤት ገብቼ ጫንኩ። ወዲያው ሌላ ቀይ ኤረር። ቀኑ ከቅርጹ ጋር አይገጥምም። የቆመው አቤል 13/9 ብሎ የጻፈበት መስመር ላይ ነው፣ ግንቦት 13። እስከ 12 ድረስ በሰላም ያነባል።

የሞከርኩት፦
– ገጹን ማደስ
– መስመሩን እንደገና መጻፍ
– መስመሩን ማጥፋት። 14 ላይ ሄዶ ቆመ። ያጠፋሁትን መለስኩት። የእሱን ቁጥር ማጥፋት ደስ አላለኝም።

ፎቶ አንስቼ ለሰሚር ላክሁለት። «የማታነበውን ቀን ዝለል በለውና ተገላገል፣ ቀሽም» ብሎ ኮዱ ላይ የሚጨመር አንድ ቃል ላከልኝ። ጨመርኩት። ቀዩ ጠፋ፣ ግራፉ ወጣ።

ርዕሱ አማርኛ ስለሆነ ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ሆነው ነው የወጡት። መስመሩ ግን አለ። እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል። ብቻዬን ብዙ ጊዜ አየሁት። አስፈሪ አይደለም። እንደዚያ ነው የመሰለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ለጋሽ ተፈራ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አስኬዱ።

«አየህ፣ ይመለሳል። ዝናብ ሲጠጣ ይከፈታል፣ ሲደርቅ ይገጥማል። የድሮ ግንብ እንዲህ ነው።» ከግራፉ ሥር የተጻፉትን ዓመቶች ቆጠሩና፣ «በሁለት ዓመት ይቺን ታክል? እኔ በሁለት ዓመት ከዚህ የበለጠ ሰፍቻለሁ» ብለው ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ።

ሳቅኩ። አቤል ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እማዬ ሳቄን ሰምታ ከጓዳ ብቅ አለች። «ልጅሽ አጣርቶልናል፣ ድንኳኑ እዚያው ነው» አሏት። ላፕቶፑን ስታይ ተመልሳ ገባች። የእሱን ዕቃ አታይም። ስሙንም አትጠራም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ግንቡ ሥር ቆምኩ። ከጀርባ ቆፋሪው ማሽን ሲመታ ከስንጥቁ ውስጥ ቀጭን አሸዋ ይፈሳል። ማሽኑ ሲያቆም አሸዋው ትንሽ ቆይቶ ነው የሚያቆመው።

አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ። መስከረም 14 ጠዋት አቤል ረፍዶበት ነበር። ቀኑን ደብተሩ ላይ ሞልቶ «ሚኪ፣ ዛሬ አንተ ለካልኝ» ብሎኝ ወጣ። እሺ አልኩና መልሼ ተኛሁ። የመጨረሻው መስመር ላይ ቀኑ አለ፣ ቁጥሩ ባዶ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ተሳስቻለሁ። ሁሉንም ተሳስቻለሁ።

ጠዋት ግራፉን ለሰሚር በስልኬ አሳየሁት። ዳቦውን እያኘከ አየውና፣ «ወንድምህ መለካት የጀመረው መቼ ነው?» አለኝ።

«ግንቦት።»

«ታዲያ ይሄ ሁለት ዓመት ከየት መጣ?»

ለካ አቤል ቀኑን የጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ ወር። ላይብረሪው የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው፣ ያውም ወሩን አስቀድሞ። አቤል ግንቦት 5ን «5/9» ሲል ላይብረሪው ሜይ 9 ብሎ ያነበዋል። በማግስቱ ያለውን «6/9» ጁን 9 ይለዋል። የአንድ ቀን ልዩነት አንድ ወር ሆነ። ያለፈው ዓመት ቀኖች አንድ ሙሉ ዓመት፣ የዘንድሮው መስከረም ደግሞ ሌላ ሙሉ ዓመት ሆኖ ተዘረጋ። ከ12 በላይ የሆነውን ቀን ደግሞ እንዲህ ያለ ወር የለም ብሎ ዘለለው። ዝለል ያልኩት እኔ ነኝ።

ነጥቦቹን ቆጠርናቸው። አቤል 138 ቀን ለክቷል። ግራፉ ላይ ያሉት 65 ናቸው። ይከፈታል፣ ይገጥማል ያልነው ግንቡ አልነበረም። የግንቦትና የነሐሴ ቁጥሮች ተደባልቀው ነው።

ደብተሩን በስልኬ ከፍቼ ቀን ይቀድማል፣ አትዝለል አልኩት። ጳጉሜ 1 ላይ ደርሶ ቆመ። ወር ከ12 አይበልጥም።

«አምስት ቀን ናት፣ ጳጉሜን ጣላትና ሂድ» አለ ሰሚር።

«ከእንግዲህ አንድም ቀን አልጥልም።»

«እሺ፣ እሺ። አትቆጣ።»

ከዚያ ራሱ ነው ያሰበው። ቀኖቹን ተውናቸውና ከ1 እስከ 138 ቁጥር ሰጠናቸው። ኤረር የለም። ግራፉ ወጣ።

ግንቦትንና ሰኔን መስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ላይ ተኝቷል። ሐምሌ ላይ ይነሳል። ጳጉሜ ላይ 5 ይደርሳል። መስከረም 13 ላይ 8 ነው። የትም ቦታ ላይ አይመለስም። ሽቅብ እየወጣ ሳለ መሃል ላይ ይቆማል። ሰሚር ዳቦውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። «ከዚያ ወዲህ ማን ለካው?» አለኝ። ማንም።

ቤት ስገባ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ካሊፐሩን ይዤ ወጣሁ። አራት ጊዜ ለካሁት።

17።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ጠዋት 17.3።

ለጋሽ ተፈራ አዲሱን ግራፍ ይዤ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፦ «ከትናንት ወዲያ ደህና ነው አልከኝ። ዛሬ ሊወድቅ ነው ትለኛለህ። የትኛውን ልመን?»

 እኔም ብሆን ራሴን አላምንም።

«የፊቱን ግቢ ለቄሶቹ ነው ያሰብነው፣ እዚያ ሃያ ሰው አይይዝም። መንገዱ ላይ እንዳንተክል ጎረቤት መጠየቅ አለ፣ ደንብ አለ። ሰው ተጠርቷል እኮ።» ትከሻዬን ያዙኝ። «ሐዘን ነው፣ ሚኪዬ። ሐዘን ብዙ ነገር ያሳያል።»

ይሄ ነው ያናደደኝ። ቁጥሩን ያየሁት በካሊፐር ነው።

ወደ ቁፋሮው በር ሄድኩ። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። ኢንጂነሩ ሰኞ ነው የሚመጣው አሉኝ። ከሰኞ በፊት የማናግረው ሰው አለ ወይ አልኳቸው። «እኔ አለሁ፣ ንገረኝ» አሉ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «እግዜር ያውጣችሁ» አሉ። ከእሳቸው አጠገብ ቆሜ ጉድጓዱን አየሁት። የእኛ ግንብ ከላይ ጫፉ ላይ ነው ያለው። ከሥሩ ያለው አፈር ተበልቷል። ከእኛ በኩል ይሄ አይታይም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

18።

የእድሩ ሰዎች በጠዋት መጡ። የድንኳኑን ቋሚዎች ከኋላ አወረዱ። አንዱ ሰውዬ ካስማ ይዞ ግንቡ ሥር በመዶሻ መምታት ጀመረ። በመታ ቁጥር አሸዋው ይፈሳል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ተዉ» አልኩት ሰውዬውን። «እዚህ ጋ አይመታም።»

«ማን ነህ አንተ፣ መሐንዲስ?»

ሌሎቹ ሳቁ። ጋሽ ተፈራ በሰው ፊት አፈሩ፣ ወደ ቤት ግባ አሉኝ። አልገባሁም። ካስማውን ያዝኩት። ነጠቀኝ። መልሼ ያዝኩት። ልጅ ሆኜ ታየሁ፣ አውቃለሁ።

እማዬ ወጣች። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች መጥታ ስንጥቁ ፊት ቆመች። ጣቷን ከተተችበት። ገባላት።

«ይሄን ነው በየጠዋቱ የምትለካው?»

«እኔ ከሐሙስ ጀምሮ ነው። የፊቱን የለካው...» አልጨረስኩትም።

«አቤል ነው የለካው?»

ከሞተ ወዲህ ስሙን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። አዎ አልኳት። ግራፉን አሳይሻለሁ አልኳት፣ አልፈለገችም።

«ተፈራ፣ ድንኳኑ ይነሳ።»

«እንዴ፣ ሰዉ የት ሊቀመጥ ነው?»

«መንገድ ላይ። ጎረቤቶቹን እኔ እለምናለሁ።» ራሷ ዞረች። አምስት በር አንኳኳች። የቀረነው ያን ያህል ነን።

ቋሚዎቹን አንስቶ ድንኳኑን በር ላይ፣ መንገዱ ላይ ለመትከል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። የእድሩ ሰዎች አጉረመረሙ። ጋሽ ተፈራ አላናገሩኝም።

እሁድ፣ ጥቅምት 23

አርባው ወጣ። ግንቡ አልወደቀም።

ሰዉ ኮብልስቶኑ ላይ ተጣብቦ ተቀመጠ። ድንኳኑ ግማሹን ነው የሸፈነው፣ የቀረው በፀሐይ ዋለ። አንዲት ሴትዮ «ከኋላ ያን የመሰለ ቦታ እያለ» ስትል ሰማሁ። ጋሽ ተፈራ ሳህን ይዘው ሲያልፉ «ግንብህ እንዴት ዋለ?» አሉኝ። የሰሙት ሳቁ። ሰሚር አብሮኝ ውሃ ያድል ነበር፣ እሱ አልሳቀም።

እውነቱን ልጻፍ። ቄሶቹ ሲጸልዩ እኔ ጆሮዬ ከኋላ ነበር። ይውደቅ እያልኩ ነበር። ማንም በሌለበት፣ አሁን፣ ሁሉም እየሰማ ይውደቅና አቤል ልክ እንደነበር ይወቁ። አርባው ላይ ይሄን ነው የተመኘሁት። ከዚያ አፈርኩ።

ሰው ከሄደ በኋላ ለካሁ። 18.4። እማዬ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ነበር።

«ስንት ሆነ?»

ነገርኳት።

«ትናንትስ?»

«18።»

 ግንቡ አጠገብ ካለው ገመድ ላይ የቀረውን ልብስ ለቅማ ገባች።

ጋሽ ተፈራ የሚተኙት ከግንቡ ጋር በተያያዘችው ሰርቪስ ክፍል ነው። አሁን ፍራሻቸውን ተሸክመው መጥተው ሳሎን፣ ከበሩ አጠገብ ሲያነጥፉ አየኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ።  ትራሱን አቀበልኳቸው።