ለአንድ ሰው አንድ ጭስ

አካሉ፣

ከቅዳሴ ስትመለስ አታገኘኝም። ነጋዴው በዳዳ ሳይታሰብ ዛሬ ጠዋት ተነሣ፤ ወደ ዝዋይ ከእሱ በቀር የሚወስደኝ የለም።

በሶህ ቅሉ ውስጥ ነው፤ አልነካሁትም። በሩን በግንዱ ደግፈው፤ ጅቡ ትናንትም መጥቶ ነበር። ጉልበትህን በሞቀ ቅቤ እሸው፤ የእንጦጦ ብርድ አይግባው። እንደ ልማድህ «ድኗል» ብለህ አትተወው።

ክረምቱን ሙሉ እሳት ዳር ተቀምጠን የዝዋይን መንገድ በወሬ ስንሄደው ከረምን። አዋሽን ስንሻገር፣ ሐይቁ ዳር ስናድር፣ ደሴቲቱ ገብተን ተራራዋን ስንወጣ። ለስለት አይደለም፤ እንዲያው አገር ለማየት። የደብሩ አለቃም ስቀውብናል።

ትናንት ከምንጩ ውኃ ተሸክመህ ስትወጣ በዳዳ ተመለከተህ። ማነከስህን እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ለምን ደበቅኸኝ?

«ይህ ሰውዬ አዋሽም አይደርስ። ትርፍ በቅሎ የለኝም፤ አንተ ብቻ ና» አለኝ።

እንቢ አላልኩትም። ማታም አጠገብህ ተኝቼ አልነገርኩህም።

ዱላህን በሩ ጥግ ትቼልሃለሁ።

ታንኳ እንዴት እንደሚጠራ የነገርኸኝ አንተ ነህ። ሐይቁ ዳር እሳት አንድዶ ማጨስ ነው፤ የደሴቲቱ ሰዎች አይተው ይመጣሉ። ታንኳው አንድ እንግዳ ብቻ ስለሚይዝ፣ ለአንድ ሰው አንድ ጭስ።

እዚያ ስደርስ አንድ ብቻ ለማጨስ እጄ እሺ የሚለኝ አይመስለኝም። ሁለተኛውን ጭስ ያየው ቀዛፊ ባዶ ታንኳውን ይዞ መጥቶ «ጓደኛህስ?» ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?

ሠረቀብርሃን