የአምናው ልክህ

ለልጄ አባት፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ ጤናችን አይታማም። እማማስ እንዴት ናቸው? ወገባቸው ተሻላቸው ወይስ አሁንም ሰው ሲመጣ ብቻ ነው የሚያማቸው? ይቺን መስመር ስታነብላቸው ዝለላት። ልጅህ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው እንደ አሮጊት ነው የምታወራው። አባባ መቼ ነው የሚመጣው ስትለኝ በአነጋገሯ እስቃለሁ፤ ከዚያ ድስት ላማስል ብዬ እነሳለሁ። ድስት በሌለበትም ቀን።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልኬን ስለማታነሳ ነው። ድሮ ዝም ብትልም ታነሳ ነበር፤ ትንፋሽህን ሰምቼ እዘጋ ነበር። ወረቀት መቼም አይጮህብህም፤ ሲመችህ አንብበው።

የነበረውን ሁሉ ታውቀዋለህ፤ ግን አንዴ በእኔ አፍ ስማው። ፎቅ ስትቀባ ከርብራቡ ላይ ወድቀህ እግርህ ከጉልበት በታች ከተቆረጠ በኋላ፣ ቁስልህን ልናስጠርግ ስንመላለስ ከሆስፒታሉ ጀርባ የሰው ሠራሽ እግር ወርክሾፕ ነበር። በሩ ላይ ሠልጣኞች እንቀበላለን የሚል ተለጥፏል። አንተ ቀለም ቀቢነትህ ቀርቶ፣ እኔ ከጫማ ፋብሪካው ተቀንሼ፣ ሁለት ሥራ ፈት ተፋጠን የምንውልበት ጊዜ ነበር። ለሥራው ብዬ ነው የተመዘገብኩት ብልህ ግማሹ ውሸት ነው። ግማሹ ለአንተ ነበር።

ስነግርህ፣ ልብስ ሰፊ ባገባ ሱሪ ባገኘሁ፣ ጭራሽ እግር ሰፊ ትምጣብኝ? ብለህ ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ። በሳምንቱ ልብስህን ጠቅልለህ እናትህ ቤት ስትገባ ነው ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ። ሚስቴ ፊቴ ተንበርክካ እግሬን ስትለካ ከማይ ቢቀርብኝ ይሻላል ማለትህን እህትህ ነገረችኝ። የሄድክበት የግራው ክራንች ጫፉ ተበልቶ ሲያንሸራትትህ፣ ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ በቀይ ሽቦ ያሰርኩልህን ቁራጭ ታስታውሳለህ? በዚህ ሙያ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነው። አሠልጣኛችን ብታየው ኖሮ በሳቅ ትሞት ነበር።

አሠልጣኛችንን ሚሊሜትር ነው የምንላት፤ ስሟን ረስተነዋል። ገና በመጀመሪያው ቀን ጉቶ የሚል ቃል ከአፌ ቢያመልጠኝ፣ ጉቶ የዛፍ ነው፣ የሰው የቀረው እግር ነው የሚባለው ብላ ሰው ፊት አሳፈረችኝ። ደግ አደረገች። ክፍል ውስጥ የምንቀመጠው ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከባለሙያ ጎን ቆመን እጃችንን እናቆሽሻለን። የቀረውን እግር በረጠበ የጄሶ ፋሻ ትጠቀልላለህ፤ ሲደርቅ ታወልቀዋለህ፤ ባዶውን በጄሶ ሞልተህ የሰውየውን እግር አስመስለህ ታወጣዋለህ። ያንን በሞረድ አስተካክለህ፣ ፕላስቲክ አሙቀህ ታለብሰዋለህ። ቀፎ እንለዋለን፤ እግሩ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። ጫማ ፋብሪካ እያለሁ እግር ማለት ቁጥር ይመስለኝ ነበር። አሁን መንገድ ላይ ሰው ሲራመድ ሳይ ከወገቡ በላይ ያለውን አላየውም፤ ሰላምታ የነፈግኳቸው ጎረቤቶች ኮርታለች ይሉኛል።

አብሮኝ የጀመረ አንድ ሊስትሮ ነበር፤ ዛሬ ቆዳ ሲቆርጥ ባለሙያዎቹ ቆመው ያዩታል። ሰው ቤት ልብስ ታጥብ የነበረችውም ተቀጥራለች። እኔም ተቀጥሬያለሁ። የምሥራች ነው አይደል? ለማን እንደምነግረው ግን ጠፋኝ።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ሰው ሁሉ ሲወጣ እየቀረሁ ያንተን እግር ሠራሁ። ቁስልህን ስጠቀልል የኖርኩ ነኝ፤ ውፍረቱን መዳፌ ያውቀዋል፤ ከጉልበትህ በታች ያለችውን ጎድጓዳ ዓይኔን ጨፍኜ አገኛታለሁ። ጄሶውን በእጄ ቀርጬ፣ አለስልሼ፣ ቀፎውን አለበስኩት። ሚሊሜትር ከመደርደሪያው ሥር አገኘችውና የማን ነው አለችኝ። የባሌ አልኳት። የታለ አለችኝ። ሞረዴን መጥረግ ጀመርኩ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የቀረ እግር በየወሩ ይከሳል፤ የአምናው ልክ ለዘንድሮ አይሆንም፤ ሰውየው ቆሞበት እዚህ ጋ ያመኛል ሳይል እግር አይባልም፤ ሞዴል ነው አለችኝና መልሳ እቦታው አስቀመጠችው። እጄ የሚያውቀው የአምናውን አንተን መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ዘንድሮ ምን እንደምትመስል አላውቅም።

ልጅህ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ለሠፈሩ ሁሉ፣ እናቴ እግር ትሠራለች፣ አባቴ ግን አንድ ነው ያለው እያለች ታወራለች። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ ባለሱቁ። ሊያስቁኝ ፈልገው ነው። ሳሙናዬን ተቀብዬ ወጣሁ፤ የብሩን መልስ ረስቼው የሱቁ ልጅ ይዞልኝ ከኋላዬ ሮጠ።

የፈተናው ነገር እንዲህ ነው። ሠልጣኙ የራሱን ሰው ያመጣል፤ ፈታኞቹ ፊት ልኩን ይወስዳል፤ እግሩን ሠርቶ ሰውየውን ያራምዳል። በእህትህ የላክሁብህ ይህንን ነበር። የልክ መውሰጃው ቀን ሐሙስ ነው፣ ሌላ ምንም አልለምንህም፣ ለአንድ ጠዋት ብቻ ና ብዬ። እህትህ መልእክት አትበላም፤ ትጨምርበት ይሆናል እንጂ። የእኔን ተራ የመጨረሻ አስደርጌ ጠበቅሁህ። ከማለዳ ጀምሮ ይዘንብ ነበር። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ስል ፋሻውን ውሃ ውስጥ ረስቼው ደነደነብኝ። ቀትር ሲሆን ሚሊሜትር መጥታ፣ ወይ ሰው አምጪ ወይ ለከርሞ ተመለሺ አለችኝ። ለከርሞ ምን በልተን? አግዳሚው ላይ ያለ ቀጠሮ የመጡ ጡረተኛ ፖስተኛ ነበሩ። ያንተን ተራ ለእሳቸው ሰጠሁ።

ፊታቸው ተንበርክኬ ስጠቀልል ብርዱ አንቀጠቀጣቸውና እንዳይወድቁ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ተባረኪ አሉኝ፤ ፈታኞቹም ሳቁ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ደስ ያለኝ እመስል ነበር። የወርክሾፑ መስኮት ትልቅ ነው፤ ከግቢው ሁሉም ይታያል። ዛሬ ሰውየው ያለ ምርኩዝ ይራመዳሉ። በመጡ ቁጥር ልጄ ይሉኛል፤ እኔ ግን ዓይናቸውን ማየት ያስፈራኛል።

ልክ ወስጄ እንደጨረስኩ የጄሶውን ውሃ ልደፋ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ጭቃ ነበር። የእናትህ ሠፈር አውቶቡስ በዝናብ ቀን እንደሚዘገይ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ከበሩ እስከ መስኮቱ የክራንች ዱካ አለ፤ ሁለቱም ክብ ነው። ከመስኮቱ ወደ በሩ የተመለሰው ግን አንዱ ክብ፣ አንዱ ሹል ነው። ባልዲዬን እንደያዝኩ እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲያ ዱካ አይታይም።

ና አልልህም፤ አፌ ደክሞታል። አትቆጣኝ ልልህም መብት የለኝም። ቀፎው ከመደርደሪያው ሥር አለ፤ የዘንድሮ ልክህን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ። ከመስኮቱ ሥር ጭቃ ውስጥ ያገኘኋትን ጎማ በፖስታው ውስጥ አድርጌያታለሁ። ቀይ ሽቦዋ ላልቶ ስለነበር አጥብቄዋለሁ፤ የግራው ነው። እርጥብ ወለል ላይ ያለሷ እንዳትራመድ፣ አደራ።

እማማን ጉልበታቸውን ስማቸው። ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፤ ከሚያንሸራትተው ሁሉ ይጠብቅህ።

የልጅህ እናት፣
እግር ሰፊዋ