ከጣሪያው ላይ ስለተነቀለችው ሶኬት

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ከምድር ቤቱ እስከ ጣሪያው ያለው በር ሁሉ እንደ ልማዱ በእጅዎ ቁልፍ ሥር ሆኖ እንዲኖርልዎ እመኛለሁ። እኔ ምድር ቤት ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና የምጠግነው ተከራይዎ ነኝ። ይህን ደብዳቤ መግቢያው ላይ ካለው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ቢሮዎ ደጋግሜ ብመላለስ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ ነው። ብቻዎን እንዲህ አብዝተው መሰብሰብዎ ያስደንቀኛል።

1. ጣሪያው ላይ ከውኃ ታንከሩ ጎን የኛ የሬዲዮ ወዳጆች ሪፒተር እንደተተከለ ያውቃሉ። የእጅ ሬዲዮዎቻችን አቅማቸው ደካማ ስለሆነ፣ እሱ ድምፃችንን ተቀብሎ፣ አጉልቶ፣ ለከተማው ያደርስልን ነበር። ባለፈው ሰኞ ሶኬቱን በገዛ እጅዎ ነቅለው የጣሪያውን በር ስለቆለፉልን እግዜር ይስጥልን። ማሽኑ ሊፍቱን ያበላሻል ብለዋል። ሊፍቱ ሪፒተሩ ከመተከሉ በፊት ቆሞ ነበር፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም እንደቆመ ነው፤ በአቋሙ እንዲህ የጸና ሊፍት ያለው ሕንፃ ስለሚያስተዳድሩ ሊኮሩ ይገባል።

2. እውነተኛውን ምክንያት ግን እርስዎም እኔም እናውቀዋለን፤ የማፍረውም እዚህ ላይ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮዬን ሶፋ ላይ ጥዬ፣ የመናገሪያው ቁልፍ በትራስ ተጭኖ እንደቀረ ሳላውቅ፣ ለባለቤቴ ስለርስዎ አፌን ከፈትኩ። ሪፒተር ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፣ የሰጡትን ሁሉ ያስተላልፋል። ስለ ሊፍቱ ያልኩት ይቅር፣ ስለ ቧንቧውም ያልኩት ይቅር። ሰውዬው የገዛ አባቱን ዞር ብሎ አያይ፣ የኛን ቧንቧ ሊያይ ነው እንዴ ያልኩት ግን ከተማውን ዞረ።

አባትዎ፣ ጡረታ የወጡት የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከሁላችንም በፊት ሬዲዮ የጀመሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ከከዳቸው፣ ዓይናቸውም ከደከመ ወዲህ ከቤት አይወጡም፤ ውሏቸው ከሬዲዮዋ ጋር ነው። በኛ ዘንድ መልእክት የደረሰው ሰው «ተቀበልኩ» ይላል፤ ሰማሁ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። እሳቸው በዚያ በረጋ ድምፃቸው ለሁሉም ነገር ስለሚሉት ስማቸውን «አባባ ተቀበልኩ» ብለነዋል። ፋርማሲ የምትሠራው እህታችን መድኃኒታቸውን ስታስታውሳቸው ተቀበልኩ፣ አንቴና የምንለው ረጅሙ ታክሲ ነጂ ሲቀልድባቸውም ተቀበልኩ ነው መልሳቸው።

ያን ዕለት ባለቤቴ ትራሱን ስታነሳ ቁልፉ ተላቀቀ። ወዲያው የአባትዎ ድምፅ መጣ፤ «ተቀበልኩ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ክቡር ሆይ፣ ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! የተናገርኩት ሐሰት ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ እገላገል ነበር። እውነት መሆኑ ነው የባሰው፤ ለአባትየው ንገር ያለኝ ማን ነው? አፍሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሬዲዮ ጓደኞቼን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ባለቤቴም ለመኪናዎቹ የምትገዛውን ዘይት ትተህ ለአፍህ መቆለፊያ ግዛ ብላኛለች።

3. ስለ ጥፋቴ እኔን መቅጣት መብትዎ ነበር። የሱቄን መብራት ቢቆርጡት ትንፍሽ አልልም ነበር። እርስዎ ግን እኔን እቀጣለሁ ብለው የወለዱዎትን ሰው ከሰው ለዩ፤ ለዘመድ የማያደላ ፍርድ ማለት ይኸው ነው፣ አመሰግናለሁ። እኛ መንገድ ላይ እንገናኛለን፣ እናወራለን። እሳቸው ከሰኞ ጀምሮ ከግድግዳው ጋር ናቸው።

4. ቅዳሜ ልንጨርሰው ያቀድነው ሥራም ነበረን። ለአባትዎ በዳበሳ የሚከፈት ሬዲዮ እየሠራንላቸው ነው፤ ማዞሪያው ካረጀ የስፌት መኪና የተፈታ ጎማ ነው፣ ጣታቸው እንዲለያቸውም በየመጫኛው ላይ መጠናቸው የተለያየ የኮት ቁልፎች ለጥፈናል። ለርስዎ ምስጋና ይግባና፣ አሁን ጸጥታን በከፍተኛ ጥራት የሚቀበል መሣሪያ ይኖራቸዋል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሶኬቱን ይመልሱት። ካስፈለገ የኔን ሬዲዮ ይውሰዱ፣ ቢሮዎ ድረስ አምጥቼ አስረክባለሁ። በሽሙጥ ጀምሬ በልመና መጨረሴ ይታወቀኛል፤ ይህን በአደባባይ መለጠፌም ሌላ ጥፋት እንደሆነ አላጣሁትም። ለነገሩ በሰሌዳው ፊት የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ቢያነበውም አባትዎ አይሰሙትም፤ እርስዎ አስቀድመው ተጠንቅቀዋል።

ለጣሪያው በር ጠባቂ፣ ለቆመው ሊፍት ባለቤት ያለኝን ወደር የሌለው አክብሮት ከእፍረቴ ጋር በአንድ ላይ ጠቅልዬ እያቀረብኩ፣

አፉ እንጂ እጁ ያልበደለዎት ተከራይዎ፣
የምድር ቤቱ የስፌት መኪና ጠጋኝ

ማስታወሻ፦ ትናንት እንደምንም ደፍሬ ይቅርታ ልጠይቅ አባትዎ ቤት ሄጄ ነበር። ስለ እሁዱ ነገር አንድም አላነሱብኝም። ሪፒተሩ ምን ሆኖ ዝም እንዳለ ጠየቁኝ፤ «ልጅዎ ነቀለው» የሚለው ከአፌ አልወጣ ሲል መብረቅ መታው ብዬ ዋሸኋቸው። እሳቸውም «አይዞህ» አሉኝ፤ «ልጄ የሕንፃው ኃላፊ አይደል፣ ለሱ ንገረው፣ የኔ ነገር ስለማይሆንለት ራሱ ጣሪያ ወጥቶ ያሠራዋል» አሉኝ። መልእክታቸውን አድርሻለሁ። ተቀበልኩ ማለት የእርስዎ ፋንታ ነው።