አዲስ የሚመስል ወንበር

ሰኞ፣ ኅዳር 3
ሥራ እንደተለመደው። ሁለት የታክሲ ወንበር አለበስኩ፣ አንድ ጣቴን ወጋሁ። ከሰዓት ባለቤቴን ወደ ሕክምና ወሰድኳት። እግሯ ከተሰበረ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እንቅስቃሴ ያሠሯታል። የአውቶቡሱ ሹፌር ቸር ሰው ነው... አንድ እግሯ መሬት ላይ እያለ ነዳው። ደግነቱ እኔ ላይ ነው የወደቀችው።
ቤት ስንገባ "ከእንግዲህ አልሄድም" አለች። ሐኪሙ ደግሞ ካቋረጠች እያነከሰች ትቀራለች ብሏል።
ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ወንበር ስሰፋ ኖሬ የራሴ መኪና የለኝም። መግዛት አለብኝ። በምን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5
የባለቤቴ ወንድም ሰማ። ማን ነገረው? በዕድሜው የገዛው አንድ ብስክሌት ነው፣ እሱንም ሰረቁት። በመኪና ዋጋ ግን ሊቅ ነው። ዲፕሎማቱ እንለዋለን።
"ጋሼ፣ መኪናውን እንደወደድከው እንዳታሳይ። ፊትህን አጨማድደው። እኔ ኡሁ ኡሁ ብዬ ሳስል ተነስተን እንወጣለን። ሻጩ ሮጦ ይከተለናል።"
መስታወት ፊት ተለማመድኩ። ባለቤቴ አየችኝና "ሆድህን አመመህ እንዴ?" አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8
መኪና መሸጫው ሄድን። ሻጩ ጥርሱን ከፍቶ ነው የሚውለው። ሳቂታው ብዬዋለሁ። አንድ ግራጫ መኪና አሳየን።
"አንዲት አስተማሪ ናት የነዳችው። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት። እሷም ቀስ ብላ።"
እዚያ ግቢ ያለው መኪና ሁሉ የአስተማሪ ነው። ሌላ ሰው መኪና አይነዳም መሰለኝ።
ዋጋውን ሲጠራ ፊቴ ያለ ልምምድ ተጨማደደ። ያለን ከዚያ በአርባ ሺህ ያንሳል። ዲፕሎማቱ ሳለ። ወጣን። ሮጦ እንዲደርስብን ቀስ ብለን ሄድን። አልሮጠም። ጥጉ ጋ ሩብ ሰዓት ቆመን ጠበቅነው... የለም።
"አልሰማኝም ይሆናል" አለ ዲፕሎማቱ። "ተመልሰን ልሳል?"

ሰኞ፣ ኅዳር 10
ብቻዬን ተመለስኩ። ሳቂታው አሥር ሺህ ቀነሰ። "ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ አለቃዬ ይገድለኛል።" አለቃው ጥግ ላይ ሻይ ይዞ የሚያንቀላፋው ሽማግሌ ነው። ዝንብም የሚገድል አይመስልም።
የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጥሩ ስፌት። እጄን በሥሩ ሰደድኩ፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ። ክሩ በግራ በኩል ሁለቴ ተቋጥሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው... በግራ እጁ የሚሰፋ። እኔ።
ትዝ አለኝ። የዛሬ አምስት ወር አንድ የታክሲ ሹፌር አምጥቶት ነበር። ወንበሩ አልቆ ሽቦው ወጥቷል። "ልሸጠው ነው፣ አዲስ አስመስልልኝ።" አስመሰልኩለት። እንዲያውም ኮርቼበት ነበር። ያኔ ቆጣሪው ሦስት መቶ ሺህ ኪሎሜትር አልፎ ነበር። አሁን ስድሳ ሺህ ይላል። ዕድሜ ወደ ኋላ እንደሚሄድ ማን ያውቃል?
"ይህን ወንበር የሰፋሁት እኔ ነኝ" አልኩት። "አስተማሪዋ ጢም ነበራት።"
ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ገጠመ። ከዚያ መቀመጫ ሳበልኝ። "እንግዲያው እንደ ቤተሰብ እንነጋገር።"
ያለኝን ብቻ ተቀብሎ መኪናውን ይሰጠኛል። እኔ ደግሞ ግቢው ውስጥ ያሉትን ሦስት አሮጌ መኪኖች ወንበር በነጻ እሰፋለታለሁ። አዲስ አስመስዬ። ስለ ቆጣሪ አንድ ቃል ሳልተነፍስ።
"ላስብበት" አልኩ። ምኑን ነው የማስበው? ቤት ሳልደርስ አስቤ ጨርሼ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 14
መኪናው በራችን ላይ ቆሟል። መካኒክ አይቶታል፣ ሞተሩ ለከተማ ይበቃል። ባለቤቴ ኋላ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ወደ ሕክምና ሄደች።
"እንዴት አድርገህ አስቀነስከው?"
"በድርድር።"
ዲፕሎማቱ ሥራውን የሠራው ሳሉ ነው እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25
ሦስቱንም ጨረስኩ። እጄ ይባረክ። እንዲህ ያማረ ውሸት በክር ሲሠራ ያየ ያለ አይመስለኝም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11
ባልና ሚስት ሕፃን ይዘው ሱቄ መጡ። የልጅ መቀመጫ መኪናቸው ውስጥ እንዳስርላቸው። መኪናውን ገና ከሩቅ አወቅኩት። ከሦስቱ አንዱ ነው።
"ሻጩ የገዛ እህቱን መኪና ነው የሰጠን" አለች ሚስትየዋ። "አምስት ዓመት ያጠራቀምነው አለቀ፣ ግን ይሁን።"
ባልየው ወንበሩን እየደባበሰ "ጋሼ፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ጥሩ ገዝተናል?"
"ወንበሩ ጥሩ ነው" አልኩ።
አመሰገኑኝ። የልጁ መቀመጫ ማሰሪያ ስለሌለኝ፣ ሲመጣ እንድደውል ስልካቸውን ትተው ሄዱ። ባለቤቴ ምሳ ይዛልኝ መጥታ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ያለ ምርኩዝ።
"ስለ መኪናው ሲጠይቁህ ስለ ወንበሩ ለምን መለስክ?"
ነገርኳት። አንድም ሳላስቀር። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።
"እና እኔ የዳንኩት በእነሱ ገንዘብ ነው?" አለች።
አፈርኩ። ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12
ባለቤቴ ጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ቁልፉን ይዤ ተከተልኳት። "አያስፈልግም" ብላ በአውቶቡስ ሄደች። ደረጃውን እጀታውን ጨብጣ ስትወጣ አየሁ፣ ሦስት ሰው እስኪያልፋት ቆማ።
ሱቅ ገባሁ። መርፌ ያዝኩ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። ሳቂታው ቢሰማ መኪናዬን አይነጥቀኝም... ሥራ ግን ሁለተኛ አይልክልኝም። ይህን ያህል ካወቅኩ ምን እጠብቃለሁ?
ደወልኩ። ሚስትየዋ አነሳች።
"ማሰሪያው መጣ?" አለች፣ ደስ ብሏት።
"አልመጣም" አልኩ። "ስለ መኪናው ነው የደወልኩት።"