አልከፈት ያለው ክዳን

ልጄ ኬይጎ፣ ከሁሉ አስቀድመህ ይህን ተረዳልኝ፤ ይህ የወቀሳ ደብዳቤ አይደለም። ስለ መኪናዬ የውሃ መያዣ ክዳን ብዙ እጽፍልሃለሁ፤ እስከ መጨረሻው ስታነበው ግን ጥፋተኛው አንተ እንዳልሆንህ ታያለህ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትህ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ጃሲራስ ደህና ናት? የትንሿ ልጅህ የሚዮ ጥርስ ወጣ? ብራዚል አሁን ብርድ እንደሆነ አውቃለሁና ደረትህን ሸፍን። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ እህሉ አልከፋኝም። እንቅልፍ ግን እናትህ ካረፈች ወዲህ እምቢ ብሎኛል።

ባለፈው ረቡዕ የሙታን መመለሻ በዓል ገባ፤ ለእናትህ የመጀመሪያዋ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ላይኛው መንደር፣ ወደ መቃብሯ ወጥቼ ሣሩን አጨድሁ፤ ድንጋዩን አጠብሁ፤ ሻማውንም እዚያው ለኩሼ በወረቀት ፋኖሱ ውስጥ አቆምሁት። ያ እሳት ሳይጠፋ ቤት መግባት እንዳለበት ታውቃለህ፤ ነፍሷ የምትመጣው እሱን ተከትላ ነው። ፋኖሱን እሷ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ አድርጌ በቀበቶ አሰርሁት፤ ንፋስ እንዳይገባም መስኮቱን ዘጋሁ። መንገዱ ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ ሻማው አንድ ሰዓት። ሂሳቡ ልክ ነበር።

ከድልድዩ ማዶ ያለውን ዳገት ስጀምር የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ነካ፤ ከፊት እንፋሎት ተነሣ። ዳር ይዤ ቆምሁና ኮፈኑን ከፈትሁ። የራዲያተሩ ውሃ መያዣ ከታችኛው መስመር በታች ወርዷል። ሞተር ሳይበርድ ክዳን እንደማይነካ ያስተማርሁህ እኔው ነኝና ሃያ አምስት ደቂቃ በሰዓት ቆጥሬ ጠበቅሁ። ከዚያ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ አዞርሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ሣር የነቀልሁበትን የላስቲክ ጓንት አጥልቄ ወደ ታች እየተጫንሁ አዞርሁት። ዙሪያውን በማጭዱ እጀታ ቀስ እያልሁ መታሁት። እምቢ አለ። ዞር ብዬ በጎን መስኮቱ ወደ ወንበሯ ሳይ ሻማው አልቆ ክሩ ብቻ ይጨሳል።

ኡሜጋኪ የደረሰው ያኔ ነው። ተማሪዬ የነበረው፣ አሁን የእርሻ መሣሪያ የሚጠግነው። ከመኪናው ሳይወርድ «መምህር፣ ምን ሆነው ነው እንደ ፈተና ወረቀት አፍጥጠው የሚያዩት?» አለኝ። እሱም ሞከረና «ኧረ ይሄን የሱሞ ታጋይ ነው እንዴ የዘጋው!» እያለ ሳቀ። በፒንሳ ሲጠመዝዘው ክዳኑ ለሁለት ተሰበረ። ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁን ተወ። የመያዣው አንገት ከመጥበቁ ብዛት ተሰንጥቋል፤ ውሃው ያለቀው በዚያ ነው። «መምህር፣ ይሄን የዘጋው ሰው ውሃው እንዳይፈስ አይደለም የተጨነቀው፤ ሰው እንዳይቆጣው ነው» አለኝ። አንተ መሆንህን አያውቅም።

እኔ ግን አወቅሁ። በመጋቢት፣ ከቀብሩ ማግስት፣ በዚያ ዝናብ ቆመህ የመኪናውን ውሃ ስትሞላ በመስኮት አይቼሃለሁ። ዘግተህ ጥቂት ትራመዳለህ፤ ተመልሰህ ደግሞ ታጠብቃለህ። ሦስት ጊዜ ተመለስህ። እኔም ለእናትህ ፎቶግራፍ «ይኸው በመጨረሻ ተማረ» አልኋት። በሃያ ሁለት ዓመትህ ክዳኑን ሳትገጥም ረስተህ ሞተሩ የተቃጠለ ጊዜ፣ በጓደኞችህ ፊት «ክዳን መግጠም የማይችል ሰው ለምን ይረባል!» ያልሁህን አንተ አልረሳኸውም። እናትህ ያን ቀን ማታ «ክዳን ይገዛል፤ ልጅ ከየት ይገዛል?» ብላኝ ነበር። አሁን መልሱ ቢኖረኝም የምትሰማኝ የለችም።

ኡሜጋኪ እዚያው መንገድ ላይ ላይተሩንና ለራሱ ሙታን የያዘውን ሻማ አውጥቶ ሰጠኝ። «ይለኩሱት እንጂ መምህር፤ ባለቤትዎ ወይዘሮ ፉሚዮ እንደ እርስዎ ማርክ አይቀንሱም» አለኝ። የላይተር እሳት የመቃብሩ እሳት አይደለም ብዬ እምቢ አልሁ። እሱ መኪናዬን እየጎተተ፣ እኔ የጠፋ ፋኖስ ታቅፌ ቤት ገባሁ። ሦስቱን ቀን የምትወደውን የተጠበሰ ደብርጃን አቀረብሁላት፤ መምጣቷን ግን አላውቅም። አንተ ብትሆን ያለ ምንም ጥያቄ ትለኩሰው ነበር፤ እሷም ትመጣ ነበር።

የተሰበረው ክዳን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በመኪናው ላይ አዲስ መያዣ ከነክዳኑ ተገጥሟል። በሚመጣው ዓመት መምጣት ከቻልህ መቃብሯ ጋ አብረን እንወጣለን፤ ክዳኑን አንተ ትዘጋለህ፣ እኔ በመስኮት አላይህም።

ጃሲራን ጤና ይስጥልኝ በልልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖኛል። እናቷን ዶና ኢርሴን እጅ ነሥቻለሁ። ሚዮን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ኡሜጋኪም ሰላም ብሎሃል።

ከአራት ዓመት በፊት ደብዳቤህን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መልሼ ከላክሁልህ ወዲህ ለእናትህ እንጂ ለእኔ አልጻፍህም። ቀዩን እስክሪብቶ ጥዬዋለሁ። ፊደሉ ቢሳሳትም፣ ሁለት መስመርም ብትሆን፣ እባክህ ልጄ ቶሎ መልስልኝ።

አባትህ
ኩሪሂራ መንደር፣ ናጋኖ
ኦገስት 18 ቀን 2025