ማሽኑ ያላለውን ያነበብክ ዕለት

ኮልፌ፣ ሰኔ 1978 ዓ.ም.

ውድ ቀለመወርቅ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲያ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ እንዳይመስልህ።

ሽማግሌዎችህ እሑድ መጥተው ነበር። አቶ መኳንንት በትራቸውን ተደግፈው «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲሉ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ስምህን ሲጠሩ ሳቄ መጣ። አባባ «ልጄን ላማክር፤ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። ከዚያ ጠሩኝ።

«ይኸ ልጅ ታስረሽ ሳለ አንድ ቀን ስንቅ ይዞ መጥቷል?»

«አልመጣም፣ አባባ።»

ያን የመስከረም ሰሞን መቼም አልረሳኸውም። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር የመሥሪያ ቤታችን የበዓል ኮሚቴ ሰብሳቢ አንተ ነበርክ። የኮምፒውተር ክፍሉን ማቀዝቀዣ አስነቅለህ አዳራሹ ውስጥ አስገጠምክ፣ እንግዶች እንዳይሞቃቸው። እኛ ሰፈር ሰው ገና ጋቢውን አልጣለም ነበር።

ማሽኑ የሠራውንና ያቃተውን ሁሉ በእንግሊዝኛ እያተመ ያወጣል፤ የእኔ ሥራ ያንን መከታተል ነበር። የጡረተኞች መዝገብ ያለበትን ዲስክ ማንበብ እንዳቃተው ደጋግሞ ሲጽፍ ወረቀቱን ይዤ አዳራሽ ድረስ መጣሁ። ባንዲራ እያሰቀልክ ነበር።

«ክፍሉ ምድጃ ሆኗል። እናጥፋው» አልኩህ።

«አጽዬ፣ ሪፖርቱ ለበዓሉ ካልደረሰ እኔን ነው የሚበሉኝ። እስከ ማግስቱ ታገሺው።»

«ዲስኩ ከተበላሸ መዝገቡ አይመለስም። ቅጂ የምንይዝበት ቴፕ ይገዛ ስልህ የበዓሉ መብራት ይቅደም ብለሃል።»

«ማሽን ነው እኮ። ትንሽ ቢሞቀው ምን ይሆናል?»

ታገስኩት፤ እሱ ግን አልታገሰም። መዝገቡ ጠፋ። ሽማግሌ ጡረተኞች በራችን ላይ ተኮልኩለው ሲውሉ የበላይ አካል አሻጥረኛ መፈለግ ጀመረ። የበዓል ኮሚቴ ሰብሳቢን ማን ይደፍራል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና እኔ ተያዝኩ።

መርማሪዎቹ ያንኑ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ከአንተና ከእኔ በቀር የሚያነበው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ተከሳሽ ነኝ። «ጓድ፣ ምን ይላል?» አሉህ። መነጽርህን አስተካክለህ፣ ጣትህን የዲስኩን መበላሸት በሚናገረው መስመር ላይ አሳርፈህ፣ «ኦፕሬተሯ የተሳሳተ ትእዛዝ ሰጥታለች ይላል» አልክ። ለማጅ ሳለን ከጦር ኃይሎች ፌርማታ እስከ ኮልፌ በእግራችን እየመጣን የምንጠያየቀው ያንኑ የማሽኑን እንግሊዝኛ ነበር። ስሳሳት የምትስቅብኝ አንተ ነበርክ።

እስር ቤት ሆኜ ጠበቃህ እኔው ነበርኩ። ፈርቶ ነው እል ነበር፤ በዚህ ዘመን ማን ያልፈራ አለ? ሲረጋጋ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩህ። እናቴ ስንቁን ስታቀብለኝ ሁሌ ከኋላዋ ሰው እፈልግ ነበር። ይህንን ስጽፍልህ ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ተፈትቼ ስወጣም ዝም አልክ። አሁን ድንገት ሽማግሌ። ምክንያቱን ከጥሩብርሃን ሰማሁ። አብራን የምትሠራው ጥሩብርሃን፣ ጉዳዩ እንደገና ሊታይ ነው፣ ወረቀቱንም ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ባለሙያ ሊያነበው ነው አለችኝ። ሚስት በባሏ ላይ አትመሰክርም ብለህ ነው አይደል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸ ነው። እኔ ወደድከኝ ብዬ ሠርግ ሳስብ ኖሬ፣ አንተ አፌን ለመዝጋት ሽማግሌ ላክህብኝ።

ምስክርነቴን ጽፌ ሰጥቻለሁ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

መልሴን ሽማግሌዎችህ ከአንተ ቀድመው ይሰሙታል። እሑድ ሲመለሱ አባባ ይህንን ደብዳቤ ፊታቸው ያነቡታል፤ ከዚያ አቶ መኳንንት ያደርሱልሃል። አትስጋ፣ አባባ የተጻፈውን ነው የሚያነቡት።

አጸደ ሀብተማርያም