የግራው በር እጀታ

ውድ ቬልማ፣

እዚህ ፔንሲልቬኒያ የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያው ጭቃ በጭቃ ነው፤ እኔን ያበገነኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ሽማግሌ በግሪስ የጠቆረ የመለዋወጫ ካታሎጋችንን ፊቴ ዘርግተው «ይህን የግራ በር እጀታ ሁለቴ አዘዝኩ፤ ሁለቴም የቀኝ ላካችሁልኝ!» ብለው ጮኹብኝ። ለካ ያ ገጽ አቀናባሪያችን ትሬንት፣ ገጹ እንዲያምርለት ብሎ ፎቶዎቹን ግራ ቀኝ ገልብጧቸዋል! እኛ ቢሮ ተቀምጠን የገጹን ማማር እናያለን፤ እዚህ ሰው የተሰበረ ዕቃውን ፎቶው ላይ አጋድሞ ነው የሚያመሳክረው። አፍሬ ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ ሠላሳ ገጽ በእርሳስ ያረሙበትን ያንኑ ካታሎግ አስታቀፉኝ። «ውሰደው ልጄ፤ ከእኔ ይልቅ ለእናንተ ያስፈልጋል።»

አዲሱ እትም ማተሚያ ቤት ሳይገባ አስቁሚው! ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ለትሬንት ግን ሰላምታ የለኝም።

ሎዌል